እጃችሁ ይባረክ

ምላጩ ሰፈሩ «ባለ ጣውላው» የሚለውን የጣውላ ነጋዴ ጉሮሮ ሊሻገር ጥቂት ሲቀረው ሰውየውን ሳቅ አመለጠው። ተራ ሳቅ አይምሰላችሁ፤ ይህ ሰው ሲስቅ የመንገዱ ማዶ ዳቦ ቤት መስኮት ይንቀጠቀጣል፣ ከጣሪያ ላይ እርግብ ይነሣል፣ መስቀለኛው መንገድ ላይ የቆመው ትራፊክ ፊሽካውን ሊውጥ ይደርሳል። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ብድግ አድርጎ ጠበቀ። በሙያው ጥርሱን የነቀለ ሰው ነው፤ በዚያ ሰፈር በእሱ እጅ ያላለፈ ጭንቅላት ካለ ገና ያልተወለደ ጭንቅላት ብቻ ነው። በሳቅ መሀል አንገት የላጨ ባለሙያ መጨረሻው ወህኒ ቤት መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል።

«ምን ያስቅዎታል ጋሼ? ይንገሩንና አብረን እንሳቅ እንጂ።»

«የኔዋ ልጅ ጉድ ናት ባክህ» አለ ባለ ጣውላው፣ አረፋው አገጩ ላይ እንደተከመረ። «ከጓደኞቿ ጋር ትምህርት ቤት ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት ከፍተዋል አሉ! ከውኃ ታንከሩ ኋላ። አንዲት ልጅ አለች፣ ትንሽ...» እጁን ከፎጣው ሥር አውጥቶ ጣቱን ግንባሩ አጠገብ አሽከረከረ። «እሷን ሣጥን ላይ ያስቀምጡና ያሻቸውን ያደርጓታል። ፀጉሯን ይጎትታሉ፣ ጠመኔ ይነሰንሱባታል፣ ሙጫ ይቀቧታል። እሷ ሐውልት! ንቅንቅ የለም። ሲጨርሱ ደግሞ ምን ትላቸዋለች መሰለህ?»

ፀጉር አስተካካዩ ምን እንደምትላቸው ያውቅ ነበር። ሰውየው አፉን ከመክፈቱ በፊት አወቀው።

«‹እጃችሁ ይባረክ!›» አለ ባለ ጣውላው፤ የዳቦ ቤቱ መስኮት ዳግመኛ ተንቀጠቀጠ። «እንዲህ ያለ ደንበኛ አንተም አላጋጠመህ!»

ይህን ፀጉር አስተካካይ ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይለዋል። በአፉ ጤፍ ይቆላል የሚባለው ለሌላ ተናጋሪ ነው፤ እሱ የራሱን ቆልቶ ለጎረቤት ያተርፋል። ስለ እግር ኳስ፣ ስለ ጉበት በሽታ፣ ስለ ሩቅ አገር ጦርነት የማያውቀው ነገር የለም፤ አንድ ጊዜ ጥርስ ሐኪም ሊስተካከል መጥቶ ስለ ጥርስ ተምሮ፣ አመስግኖ ወጥቷል። ያ ሬዲዮ አሁን ድርግም አለ። ሁለተኛው ወንበር ላይ የሚሠሩት ሽማግሌ ባልደረባው መቀሳቸውን አቁመው ቀና አሉ፤ ያ ቤት ከተከፈተ ጀምሮ እንዲህ ያለ ፀጥታ ገብቶበት አያውቅም። ሽማግሌው ነገሩ ገብቷቸዋል። ባለ ጣውላው ግን ከየት ይወቅ? እሱ የሚላጨው ጠዋት ጠዋት ነው፤ የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ወደ ሱቁ የምትመጣው ከትምህርት ቤት መልስ ነው። ተገናኝተው አያውቁም።

«ምነው ሬዲዮ፣ ባትሪ ጨረስክ እንዴ? ቶሎ በል እንጂ፣ ከሰዓት ስብሰባ አለብኝ።»

ምላጩ አየር ላይ ነው። ከምላጩ በታች ወፍራሙ ጉሮሮ ከሳቁ ገና አልበረደም፤ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። እጅ ግን ጉድ ናት፤ ከባለቤቷ ተለይታ ሙያዋን ታውቃለች። ወረደች፣ ቆዳውን በአውራ ጣት ወጠረች፣ ከታች ወደ ላይ ሄደች። ጠብታ ደም የለም። እንደዚያን ቀን የጠራ መላጨት ያ ከተማ አይቶ አያውቅም፤ የሰውየው አገጭ የሕፃን ጉልበት መሰለ። ባለ ጣውላው በመዳፉ ዳበሰው፣ መስታወቱን በእርካታ አየ፣ ከሒሳቡ ላይ ጨመር አድርጎ ሲወጣ ሁልጊዜ እንደሚለው «እጅህ ይባረክ» አለ። ሬዲዮም ሁልጊዜ እንደሚያደርገው አንገቱን ሰበር አድርጎ ፈገግ አለ።

«ሳቅክለት» አሉ ሽማግሌው፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ።

«ምን ላድርግ ታዲያ ጋሼ፣ ልረደው?»

ሽማግሌው ወደ ደንበኛቸው ማጅራት ተመለሱ።

የሬዲዮ ልጅ አሥር ዓመቷ ነው። ስም አላት፣ ግን በስሟ ሲጠሯት አትዞርም፤ እንደ ጥንት ትልቅ ወይዘሮ ጠሪዋን አቁማ ታስጠብቃለች። በዚህ ምክንያት አባቷ «እሜቴ» አላት፣ እሜቴ ሆና ቀረች። በሕፃንነቷ እጅ ወደ ራሷ ሲዘረጋ ጩኸቷ ሰማይ ይሰነጥቅ ነበር። ማበጠሪያ ስታይ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች፣ ሊስማት የጠጋ ዘመድ ጉንጩን ተነክሶ ይመለሳል፣ የፀጉር አስተካካይ ልጅ ሆና ፀጉሯ ጫካ ነበር። ያላባረራት ትምህርት ቤት ካለ ያልተሠራ ትምህርት ቤት ነው። አንዱ «ሌሎቹ ልጆች ፈሯት» አለ፣ ሌላው «ወላጆች አጉረመረሙ» አለ፣ ሌላው ደግሞ ምክንያት እንኳ ሳይሰጥ ቦርሳዋን አቀበላቸው። የቀረው ይሄኛው ነው። ይሄም ለሙከራ ብሎ ነው የወሰዳት፤ ሙከራው ዛሬ ያበቃል። ከሰዓት በኋላ ርዕሰ መምህሯ ከወላጆች ኮሚቴ ጋር ተቀምጣ ትቆይ ወይም ትሂድ ትላለች። ትሂድ ከተባለች የምትሄደው ወደ አንዲቷ ክፍላቸው ነው፤ እናቷ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ አባቷ ሱቅ፣ እሷ በሩ ከውጭ ተቆልፎባት። እንደዚያ የከረመችበት ዘመን ነበር። ከእሷ ቁመት በታች ያለው የበሩ ቀለም እስካሁን የለም፤ በጥፍሯ ልጣ ጨርሳዋለች። ባልና ሚስት በዚያ በር በገቡና በወጡ ቁጥር ዓይናቸውን ከወገባቸው በላይ አድርገው ማለፍ ለምደዋል። ስለ በሩ ተነጋግረውም አያውቁም።

የሕፃናት ክሊኒክ ባለሙያዋ ልጅቱ የሚጎድላትን «ማኅበራዊ ክህሎት» ነበር ያለችው። ጥቂት በጥቂት፣ አንድ ነገር ደጋግሞ፣ ልጅቱ በለመደችው ቦታ። ሦስት ካርድ ሰጠቻቸው። በአንዱ ላይ እጁን የሚያነሣ ልጅ ተስሏል፣ ሰላም ማለት ነው። በሁለተኛው ላይ እጁን ደረቱ ላይ ያደረገ ልጅ አለ፣ አመሰግናለሁ ነው። በሦስተኛው ላይ ያለው ልጅ መዳፉን ወደ ፊት ዘርግቷል፣ አልፈልግም ነው። «ሦስቱንም እኩል አለማምዷት፤ በተለይ ሦስተኛውን» ብላ ነበር ባለሙያዋ። ሬዲዮ ክሊኒኩ እስኪነቃነቅ ሳቀ። «እሱንማ ከእናቷ ማህፀን ይዛው ነው የወጣችው! እሱን የሚያስረሳ ካርድ የለዎትም?» ሦስተኛው ካርድ ብዙ አልቆየም። የሱቁ አግዳሚ ወንበር አንድ እግሩ አጠር ስለሚል፣ ታጥፎ ከሥሩ ገባ፤ ወንበሩም መንቀጥቀጡን ተወ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሬዲዮ ራሱ ሲያወራው መስማት ነበር። በዓለም ላይ አንበሳ ያላመደ ሰው አለ፣ ባሕር በዋና የተሻገረ አለ፤ እሱ ግን እሜቴን በወንበር ላይ አስቀምጧል። ለሕፃናት ደንበኞች በወንበሩ ክንዶች ላይ የምትጋደም ጣውላ አለች። መጀመሪያ እዚያ ላይ መቀመጥ ብቻ። ቀጥሎ ፎጣ። ቀጥሎ ማበጠሪያው ሳይነካት ከሩቅ። ለእያንዳንዱ ድል ብስኩት። የከሰዓት ደንበኛው ሁሉ አስተማሪ ሆነ፤ «ደህና ዋልሽ እሜቴ» ሳይል የሚገባ የለም፣ እሷም «ደህና ዋሉ» ሳትል አይቀመጥም። ዓይን ማየት ሲከብዳት ቅንድባቸውን እዪ አላት፤ ማንም ልዩነቱን አላወቀም። ያስተማራት እሱ በልጅነቱ በተማረበት መንገድ ነው። ጀማሪ ሳለ ጌታው በማበጠሪያ ጀርባ ጣቱን እየመታ «ፈገግ!» ይለው ነበር፤ ደንበኛ ሰደበህ፣ ፈገግ፤ ደንበኛ ገፋህ፣ ፈገግ፤ ሙያ ማለት ይሄ ነው። ለእሷም እንዲሁ አላት፦ «ሲነኩሽ አትንቀሳቀሺ፣ ከተንቀሳቀስሽ መቀሱ ይቆርጥሻል። ዝም ካልሽ ቶሎ ያልቃል። ሲያልቅ ፈገግ ብለሽ እጅህ ይባረክ ትያለሽ።» ሁለት ዓመት ፈጀ። አንድ ከሰዓት እሜቴ ጣውላዋ ላይ ተቀምጣ፣ ሳትጮህ፣ ሳትናከስ፣ ፀጉሯን ከዳር እስከ ዳር አስተካክሎ ጨረሰ። «እጅህ ይባረክ» አለችው። ሰፈሩ አጨበጨበ። ሽማግሌው ብቻ «ልጅ ነው ፈረስ የምትገራው?» አሉት። «ጋሼ፣ እርስዎ ቀንተው ነው!» አለና ለከሰዓት ደንበኛው ሁሉ ሲያወራ ሰነበተ።

አሁን፣ በባዶው ወንበር ጀርባ ቆሞ፣ ሳያስተውል ያለፈው ሁሉ አንድ በአንድ ተመለሰበት። ጠመኔው። እሜቴ ፀጉሯ በጠመኔ ነጥቶ ስትመጣ እናቷ በደስታ አልቅሳለች፤ «ከልጆች ጋር ተጫውታለች!» ብላ። ሌላ ቀን ፀጉሯ በሁለት ቦታ ተቋጥሮ መጣች። ሬዲዮ ቋጠሮውን ለደንበኞቹ አሳየ፤ «ጓደኞቿ ናቸው የሠሯት፣ የአባቷን ሙያ አይተው ነው» አለ። ከጆሮዋ ኋላ ገላጣ ቦታ ሲያገኙ ደግሞ በገዛ እጇ ነቅላው ነው ብለው ተቆጧት። መልስ መስጠት ከተማረቻቸው ነገሮች ውስጥ አልነበረም።

ጋዋኑን አውልቆ ወጣ። መንገዱ አጭር ነው፤ ንግግሩ ግን ረጅም ነበር። ከሱቁ እስከ ትምህርት ቤቱ በር በሆዱ ያሰማው ንግግር በድምፅ ማጉያ ቢለቀቅ መንግሥት ይገለብጣል። ርዕሰ መምህሯን እንዲህ ይላታል፣ ባለ ጣውላውን ከመጋዘኑ ጎትቶ አውጥቶ እንዲህ ይለዋል፣ የልጆቹን እናቶች አሰልፎ እንዲህ ይላቸዋል። ድንጋይ የሚያስለቅስ ነበር። ዘበኛው ፀጉሩን የሚስተካከለው እሱ ዘንድ ስለሆነ ሳይጠይቅ አስገባው። እረፍት ሰዓት ነው። ግቢው እንደ ቀፎ ይጮኻል። ኳስ የሚያሳድዱ፣ ገመድ የሚዘሉ፣ እየተጎናተሉ የሚበሉ ልጆች፤ መምህራኑ በረንዳ ላይ ሻይ ይዘው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከበረንዳው ሆኖ ለሚያይ ሰው ታንከሩ ታንከር ነው።

ከታንከሩ ኋላ፣ በእሱና በአጥሩ መሀል ባለችው ጠባብ ቦታ፣ እሜቴን የለስላሳ ሣጥን ገልብጠው አስቀምጠዋታል። አንገቷ ላይ የስፖርት ሹራብ በፎጣ አምሳል ታስሯል፤ ያሰረችው ልጅ እጇ ጥሩ ነው፣ የትም ብትሠራ ትቀጠራለች። አንዷ ጭንቅላቷን ይዛለች፣ አንዷ ትቆርጣለች፣ ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ። ሬዲዮ አፉን ከፈተ። ያ መንግሥት የሚገለብጠው ንግግር ጉሮሮው ላይ መጥቶ ቆመ። ልጆቹ አዩትና እንደ ድንቢጥ ብር አሉ፤ አንዷ የአባቷን ሳቅ ይዛ ነበር የሮጠችው። ባለሙያ ነውና ዓይኑ መጀመሪያ መሬቱን አነበበ። ከሥሩ የተቆረጠ ፀጉር አለ፣ ከመሀል የተቆረጠ አለ፣ የተነቀለ አለ። መቀሱ የወረቀት መቀስ ነው፤ ያልተሳለ መቀስ ፀጉር አይቆርጥም፣ ያኝካል። ከዚያ በኋላ ነው ቀና ብሎ ራሷን ያየው። በአንድ ወገን ቆዳዋ ይታያል። ከጆሮዋ በላይ በቀጭኑ ይደማል።

እሜቴ አልሮጠችም። ያለቀ መስሏታል። እንደተማረችው እስትንፋሷን ለቀቀች፣ አንገቷን ሰበር አደረገች፣ ፈገግ አለች። የእሱ ፈገግታ ነበር፤ ሺህ ጊዜ በሱቁ መስታወት ውስጥ ያየው፣ ዛሬ ጠዋት ባለ ጣውላውን የሸኘበት። ሮጠው በሚሸሹት ልጆች ጀርባ ላይ በጥሩ ድምፅ «እጃችሁ ይባረክ» አለች።

የክሊኒኩ ባለሙያ ካርዶቹን ስትሰጣቸው አንድ ሌላ ነገር ብላ ነበር። በሱቁ ውስጥ ብቻ መቻሏ አይበቃም፤ አንድ ቀን ማንም ሳያስታውሳት፣ ከሌላ ሰው ጋር፣ ሌላ ቦታ ላይ ስታደርገው ያን ጊዜ ተምራለች ይባላል። ሬዲዮ ያን ቀን ሲጠብቅ ነው የኖረው። የዚያን ቀን ሰፈሩን ሁሉ በነፃ እላጫለሁ ብሎ ምሏል። ቀኑ መጣለት።

ደወል ተደወለ። ሹራቡን ከአንገቷ ፈትቶ ደሟን በመሀረብ ያዘላት፤ ስትነካ ንቅንቅ አላለችም። ቤት ይዟት ሊሄድ አሰበ። ግን ከሄደ ስብሰባው ያለ እሱ ይካሄዳል፤ የተላጠው የቤታቸው በር ትዝ አለው። እናም የቢሮው በር አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው፣ የከሰዓቱ ደወል እስኪደወል ጠበቁ። ብስኩት ገዛላት። ብስኩቱን በጥርሷ ዙሪያውን እያስተካከለች ክብ አድርጋ በላች።

የርዕሰ መምህሯ ቢሮ ንጹሕ ነው፤ ወለሉ ላይ ፊት ይታያል፣ ግድግዳው ላይ «ሁሉም ልጅ የእኛ ነው» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል። ርዕሰ መምህሯ ደግ ሴት ናት፤ ደግነቷ ሰው ያደክማል። የክፍል አስተማሪዋ ከጎኗ ተቀምጣ የራሷን ጫማ ታያለች። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ዘግይቶ፣ ይቅርታ እየጠየቀ፣ በጠራ አገጭ ገባ። ባለ ጣውላው ነው። መጀመሪያ ሬዲዮን አየና «አንተ ደግሞ እዚህ ምን...» ብሎ ሊስቅ ጀመረ። ቀጥሎ ልጅቱን አየ። ሳቁ እንደተጀመረ አፉ ላይ ደርቆ ቀረ፤ እጁ ሳያዘው ወደ ጉሮሮው ሄደ።

«ደህና ዋሉ» አለችው እሜቴ፣ ቅንድቡን እያየች።

«ይኸው!» አለች ርዕሰ መምህሯ እጇን አጨብጭባ። «በመጀመሪያው ቀን ይህች ልጅ የዘበኛውን እጅ ነክሳለች። ዛሬ ሰላም ትላለች፣ ታመሰግናለች፣ አትጮህም፣ የሰጧትን ትቀበላለች። አስተማሪዋ ‹መኖሯንም እረሳለሁ› ነው ያለችኝ።» አስተማሪዋ ጫማዋን ማየት አላቋረጠችም። ርዕሰ መምህሯ መነጽሯን አስተካክላ ጠጋ አለች። «ውይ፣ ፀጉሯ ምን ሆነ? ዛሬ የሥዕል ክፍለ ጊዜ መቀስ ነበራቸው... ልጆች እኮ! ሲጫወቱ ይሆናል።» ትንሽ አሰበችና ፊቷ በራ። «መጫወቷን ግን ልብ በሉልኝ። ከሌሎች ጋር ተጫወተች ማለት ነው።»

ሬዲዮ ብድግ አለ። ክፍሉ ጠበቀው። ባለ ጣውላው ወለሉ ላይ የራሱን ፊት ያያል።

«ቅሬታ ካለ በእርግጥ እንሰማለን» አለች ርዕሰ መምህሯ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በዚያው ደግነቷ። «እኔ ልደብቅዎት አልፈልግም። ቅሬታ ከገባ ጉዳዩ ይጣራል፣ ውሳኔው ለሌላ ጊዜ ይቆያል፣ የሌሎቹ ልጆች ወላጆች ይጠራሉ። እነሱ ደግሞ ‹ልጅቱ ባትመጣ ኖሮ ይሄ ሁሉ ይመጣ ነበር?› ማለታቸው አይቀርም። ያውቋቸዋል። አሁን ግን ሁላችንም ተስማምተናል። አይደለም እንዴ፣ ሰብሳቢ?»

«ተስማምተናል» አለ ባለ ጣውላው ወደ ወለሉ። «እንዴታ። ጎበዝ ልጅ ናት። የኔዋንም... እቆጣታለሁ።»

በዚህ ጊዜ ነበር ሬዲዮ መናገር ያለበት። ስለ ጉበትና ስለ ጦርነት ሳያቋርጥ ያወራ አፍ፣ ሐኪም ያስተማረ አፍ፣ አሁን ነበር የሚያስፈልገው። ዓይኑ ወደ እሜቴ ሄደ። እሜቴ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጀርባዋን አቅንታ፣ የተበላ ፀጉሯን ተሸክማ፣ የሚያልቅበትን ሰዓት ትጠብቃለች። የቤታቸው በርም ታየው፣ ከቁመቷ በታች የተላጠው። አንገቱን ሰበር አደረገ። ጉንጩ በገዛ ልማዱ ተነሣ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

ኮሪደሩ ላይ ባለ ጣውላው በፈጣን እርምጃ ደረሰበት። ሬዲዮ እስከ ዛሬ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንጂ ቆሞ ልብ ብሎት አያውቅም፤ ሲቆም አጭር ሰው ነው። «ጠዋት...» አለ በሹክሹክታ፣ «ስነግርህ ያንተ ልጅ መሆኗን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ምላጩን እንደያዝክ?»

«እንደያዝኩ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ደንበኛ ነዎታ ጋሼ» አለ ሬዲዮ።

በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል፤ ሬዲዮ ሁልጊዜ ለሌላ ሰው የሚተርተው ተረት ነበር። እሜቴን ይዞ ወጣ። እጇን አልያዘም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ መያዝ የተፈቀደለትን እጅ ዛሬ ለመንካት ፈራ። እሷ ከጎኑ፣ የተነገራት ይመስል፣ እኩል ትራመዳለች። መንገድ ላይ ሰዎች ዞር እያሉ ያያሉ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ «ምነው እሜቴን ምን ነካት?» ስትል ሬዲዮ መልስ ሳይሰጥ አለፈ፤ ሴትዮዋ ሬዲዮ ዝም ሲል አይታ ስለማታውቅ ሰው የሞተ መሰላት።

ሱቅ ሲደርሱ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ሽማግሌው ልጅቱን አዩ። ጥያቄ አልጠየቁም፤ ፎጣቸውን አጣጥፈው፣ መቀሳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተነሡ። በሩ ላይ ቆም አሉ። «ትቆያለች?»

«ትቆያለች።»

«እንኳን ደስ አለህ ልበልህ?»

«ይተዉኝ ጋሼ።»

እሜቴ ሳይነግራት ጣውላዋ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ራሷ እንዲያ ሆኖ ማደር አይችልም፤ ዙሪያውን በማሽን ዝቅ አድርጎ ከማስተካከል በቀር ለዚያ መላ የለውም። ፎጣውን አንሥቶ ያዘው፣ አላሰረላትም። እንደያዘው እናቷ ገባች። ከሆቴሉ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ውጤቱን ለመስማት ቸኩላለች፤ የሳሙና ሽታ ቀድሟት ገባ፣ የጣቶቿ ቆዳ በውኃ ተጨማዷል። ሁለቱንም አየች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆመች።

«አልፋለች» አለ ባሏ። «ኮሚቴው ተቀብሏታል። ትቀጥላለች።»

«ፀጉሯን ነው የምጠይቅህ።»

ጓደኞቿ ናቸው ሊል ጀመረ፤ ቃሉ አልወጣም አለው። ከዚያ ነገራት፤ በጥቂት ቃል፣ ሳያጋንን፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሚስቱ ሰምታ ስትጨርስ ወደ ልጅቱ ሄደች። ከጆሮዋ ኋላ ያለውን የቆየ ገላጣ ቦታ በጣቷ ጫፍ፣ ሳትነካው፣ ከላይ ከላይ ተከተለችው።

«በዚህ ነው የመታኋት» አለች። «ነቅለሻል ብዬ። እጇን ነው የመታኋት።»

ሚስቱ አግዳሚው ላይ ሄዳ ተቀመጠች፤ ሬዲዮ ግን ድንገት እንደ ታወሰው ሰው «ተነሽ፣ ተነሽ እስቲ» አላትና ተንበርክኮ ከአጭሩ እግር ሥር ሦስተኛውን ካርድ ጎትቶ አወጣ። አራት ቦታ ተጣጥፏል። ሲዘረጋው መሀሉ በወንበሩ እግር ተበልቷል፤ ልጁ አለ፣ እግሩ አለ፣ ፊቱ አለ፣ የተዘረጋ መዳፉ የለም። አግዳሚው እናቲቱ መልሳ ስትቀመጥበት ተንቀጠቀጠ።

ካርዱን ጥሎ የራሱን መዳፍ ወደ ፊት ዘረጋ። «እሜቴ፣ እዪኝ። ቅንድቤን እዪ። አልፈልግም። በይ። አልፈልግም።»

«አልፈልግም በይ» አለች እሜቴ በትሕትና።

«እንደሱ አይደለም የኔ እናት። አሁን ማሽኑን አነሣለሁ። ካልፈለግሽ እጄን ትገፊዋለሽ። ጩኺ። ከፈለግሽ ንከሺኝ።»

«እሺ» አለች እሜቴ።

ማሽኑን አስነሣው። ጆሮዋ አጠገብ አድርጎ፣ ሳይነካት፣ ጠበቀ። ማሽኑ ያጉረመርማል። በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው ፊት ፀጥ ያለ ነው፣ ዓይኖቿ ተከድነዋል፣ ከንፈሯ ለፈገግታው ተዘጋጅቷል። ግፊኝ አለ በልቡ። እናቷም ከአግዳሚው ላይ ወደ ፊት አዘንብላ፣ በዚያ በተጨማደደ እጇ አፏን ይዛ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንድትነክሰው ትጠብቃለች። ያ ሰማይ የሚሰነጥቅ ጩኸት፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ያሳደዳቸው፣ ዛሬ ቢመጣ እንደ ዘመድ ይቀበሉት ነበር። አልመጣም።

የወደቀውን ካርድ እንዳይረግጠው ሊያነሣ ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ እግሯን አየ። እሜቴ ክፍት ሰንደል ነው የምታደርገው። የእግሯ ጣቶች ተኮራምተው የሰንደሉን ጠርዝ ጨብጠዋል፤ ከገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ድንጋይ እንደሚጨብጥ፣ ጥፍሮቿ ደም እስኪሸሻቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከኋላዋ ቆሞ በመስታወቱ ውስጥ ነው ሲያያት የኖረው፤ መስታወቱ ደግሞ ከጉልበት በታች አያሳይም።

ማሽኑን አጠፋው። የማሽኑ ድምፅ ሲቋረጥ እሜቴ ያለቀ መሰላት። እስትንፋሷን ለቀቀች፣ ዓይኗን ገለጠች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ለአባቷ ፈገግ አለችለት።

«እጅህ ይባረክ» አለችው።

የእግሯ ጣቶች አልተፈቱም።